ማን ይሂድ? በምንስ ይሂድ?

በምዕራብ ጎጃም ለሚያገለግሉ የፕሮጀክት ሠራተኞችና ለአጥቢያ ምእመናን ተወካዮች በፍኖተ ሰላም የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ስለ ጉዞ ነው፤ ይኸውም ለአገልግሎት ስንወጣና ስንገባ የምናቃጥለው ነዳጅ በፈጣሪ ምድር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በምን መንገድ ልንቀንሰው እንችላለን የሚል ነው። ዛሬ በየስብሰባው «የካርቦን አሻራ» ሲባል የምትሰሙት ይህ ነው። ቃሉ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለአማኝ እንግዳ አይደለም። በዘፍጥረት ሁለተኛ ምዕራፍ ሰው በገነት የተቀመጠው ሊበላባት ብቻ ሳይሆን ሊሠራባትና ሊጠብቃትም እንደ ሆነ እናነባለን። ስለ መንገድ ለመነጋገርም ይህች ከተማ የተገባች ናት፤ ስሟ ራሱ በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነውና።

በመጀመሪያ ከመኪናው ጭስ ማውጫ የሚወጣው ምን እንደ ሆነ እንወቅ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ናፍጣው ራሱ አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ ከእርሱ የሚወጣው እንዴት ሦስት ኪሎ ሊጠጋ ቻለ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ጥሩ ነው። በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲነድ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ስለሚዋሐድ ነው ክብደቱ የሚጨምረው። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። አሮጌ አይሱዙ ዳገት ሲወጣ የምናየው ጥቁር ጭስ ሌላ ነው፤ እርሱ ሳንባን ይጎዳል፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ከአየር ይወርዳል። የማይታየው ግን በሰማይ ላይ ለብዙ ዘመን ይቆያል፤ ምድር ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት መልሳ እንዳታስወጣ እንደ ጋቢ ይሸፍናታል። ጋቢ በብርድ ጊዜ ደግ ነው፤ በቀትር ላይ ጋቢ በጋቢ ላይ ሲደረብ ግን ያስጨንቃል።

አሁን በእጃችን ያለውን እንቁጠር። ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም 385 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 770 ይሆናል። የእርዳታ ድርጅት ሁሉ መለያ የሆነችው ላንድ ክሩዘር ለ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ያህል ትጠጣለች እንበል፤ አሮጌዎቹ ከዚህም ይበልጣሉ። እንግዲህ በአንድ ደርሶ መልስ 100 ሊትር ናፍጣ ነደደ ማለት ነው። በ2.7 ብናባዛው 270 ኪሎ ግራም ይመጣል። ከመካከላችሁ አብዛኞቹ ገበሬዎች ናችሁና በኩንታል ልንገራችሁ፤ ሁለት ኩንታል ከ70 ኪሎ ጋዝ ነው። በመኪናዋ ውስጥ ያሉት ሹፌሩና አንድ ኃላፊ ብቻ ከሆኑ ያን ሁሉ ጭነት ያስጫነው ያ አንድ ኃላፊ ነው። ያው ሰው በአውቶቡስ ቢመጣስ? አውቶቡሱ ለ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ቢያቃጥል፣ 45 ሰውም ቢጭን፣ በደርሶ መልስ የአንዱ ሰው ድርሻ 14 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አውቶቡሱ ደግሞ እኛ ብንሳፈርም ባንሳፈርም መሄዱ አይቀርም።

በአገራችን አንድ ሰው በአማካይ ነዳጅ በማቃጠል በዓመት የሚያወጣው ጋዝ ሁለት ኩንታል አይሞላም። በአሜሪካ የአንድ ሰው ድርሻ በዓመት ከ130 ኩንታል ይበልጣል። የዓለሙ ጥፋት በማን ትከሻ ላይ እንዳለ ከዚህ ይታወቃል፤ የኢትዮጵያ ገበሬ በዚህ ነገር ባለዕዳ ነው የሚለኝ ቢኖር አልስማማም። ነገር ግን ወንድሞች፣ ይህን ተናግረን ዞር ከማለታችን በፊት እናስተውል። አንዲት የፕሮጀክት መኪና በአንድ ጉዞ የምታወጣው አንድ ኢትዮጵያዊ ዓመቱን ሙሉ ከሚያወጣው ይበልጣል። ድሃውን ልናገለግል የወጣን እኛ በመንገድ ላይ ስንሆን የምንኖረው እንደ ሀብታም አገር ሰው ነው።

የእኛ አንዲት መኪና ድርቅ አመጣች ማለቴ አይደለም። ሆኖም ምድር እየሞቀች መሄዷ ተለክቶ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. 2024 ፋብሪካ በዓለም ላይ ከመስፋፋቱ በፊት ከነበረው ሙቀት ከ1.5 ዲግሪ በላይ ጭማሪ የተመዘገበበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። በ2008 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት ዝናቡ በቀረ ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የእህል እርዳታ አስፈልጓቸዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በቦረናና በሶማሌ በኩል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሆኑ ቀርተው ከብቱ በሜዳ ላይ አለቀ። ጎጃም እህል የሚተርፋት አገር ናትና ይህን በወሬ ሰምተነው ይሆናል። ነገር ግን የጃቢ ጠህናን ገበሬም ቢሆን በቆሎውን የሚዘራው ሰማይ አይቶ ነው፤ ዝናቡ በዘገየ ዓመት ዘሩን ሁለት ጊዜ መዝራት ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

በወምበርማ በኩል ስለ እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ባስተማርንበት ቀን አንዲት አረጋዊት እናት እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ እኛ እንጨት እንድንቆጥብ ነገራችሁን፤ ደግ ነው። ያች ከዛፉ ሥር የቆመችው መኪናችሁስ ምን ትበላለች?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሹፌራችን ደግ ሰው ነውና ዛሬ 20 ሊትር ያህል ትበላለች ብሎ በቅንነት መለሰላቸው። እማማ ግን በሊትር አልተቀበሉም፤ «በሸክም ንገረኝ» አሉት። ሒሳቡን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሠራሁት። 20 ሊትር ናፍጣ በሙቀት ኃይሉ ከ45 ኪሎ ደረቅ እንጨት ጋር ይስተካከላል፤ ይህም ለአንዲት ሴት ሁለት ሸክም ገደማ ነው። ጧት ወጥተን ማታ እስክንመለስ ሁለት ሸክም አነደድን ማለት ነው፤ እንጨቱ እንኳ ከተተከለ መልሶ ይበቅላል። እማማ «እንግዲያስ ስትመጡ ብዙ ሆናችሁ ኑ» ብለው ተቀመጡ። እኔ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት በቆየሁባቸው ዓመታት ስለ መጋቢነት ከተሰጠኝ ትምህርት ይህ አያንስም።

ስለ ጉዞ ስንመክር አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከመኪናው ነው፤ አዲስ ትገዛ፣ አሮጌዋ ትጠገን፣ ሞተር ብስክሌት ይጨመር እንላለን። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እርሱም ማን ይሂድ የሚለው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ብዙ የተጓዘ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ጉዳይ ራሱ አልተነሣም። በቀርጤስ ቲቶን የተወው በየከተማው ሽማግሌዎችን እንዲሾም ነው፤ ሽማግሌዎቹ የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ሊሄድ ባልቻለበትም ደብዳቤ ላከ፤ የሮሜን መልእክት ይዛ የሄደችው በመልእክቱ መጨረሻ አደራ የሰጠላት ፌበን እንደ ሆነች ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። ፌበን መንገድ ነበራት፤ መልእክቱ ከእርሷ ጋር ሄደ።

እኛስ? በቡሬ ገጠር የተቆፈረ አንድ የእጅ ፓምፕ ይሠራ እንደ ሆነ ለማየት ከአዲስ አበባ ሰው ይነሣል። ፓምፑ አጠገብ ግን ውኃ የምትቀዳ እኅት አለች፤ የውኃ ኮሚቴ አለ፤ ኮሚቴው ስልክ አለው። ፓምፑ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚያወጣ በጀሪካንና በሰዓት ለክተው ሊነግሩን ይችላሉ። ፎቶግራፍ ያስፈልጋል ከተባለም ከመንደሩ ወጣቶች አንዱ ያነሣዋል። ሒሳብ ለመመርመር፣ አለመግባባትን ለመፍታት፣ አብሮ ለመጸለይ አካል መገኘት አለበት፤ ይህን አልክድም። የደረሰበትን ኀዘን በስልክ ብቻ የተጽናና ሰው የለም። ነገር ግን አንድ ቁጥር ለማምጣት ብቻ የሚደረግ ጉዞ የቁጥሩ ባለቤት በዚያው እያለ የሚደረግ ጉዞ ነው።

አሁን በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣውን ነገር ልናገር። አበል ነው። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሠራተኛ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያገኘው ከመንገድ አበል ሲሆን ጉዞው ለምን እንደሚበዛ ነቢይ አያስፈልገንም። በሁለት ቀን የሚያልቀው ሥራ አራት ቀን ይፈጃል፤ በአንድ ጊዜ ሊጠናቀቅ የሚችለው በሦስት ጉዞ ይከፈላል። ሠራተኛውን ሌባ ነው አልልም፤ እንዲህ የሠራነው ሥርዓቱን ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ቁጣ ወይም ስብከት አይመስለኝም። ማንም አገልጋይ ልጆቹን ለማብላት መንገድ መውጣት እንዳያስፈልገው ከነዳጅ የሚተርፈው ገንዘብ በከፊል ወደ ደመወዙ ቢዞር የተሻለ ነው። ይህን ለቦርዱ በጽሑፍ አቅርበናል፤ ምእመናንም በየአጥቢያችሁ ብትደግፉት መልካም ነው፤ የሚነደው የእናንተ መባ ነውና።

ሥልጠናም እንደዚሁ ነው። ከቋሪት፣ ከደጋ ዳሞትና ከሽንዲ 30 ሰው ሰብስቦ ስለ አፈር ጥበቃ ለማስተማር ባሕር ዳር ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል መውሰድ ለምን ያስፈልጋል? አንድ አስተማሪ ወደ 30 ሰው ቢመጣ ይሻላል ወይስ 30 ሰው ወደ አንድ አስተማሪ ቢሄድ? ይህ አዳራሽ አለ፤ ወንበር አለ፤ የእናቶች ኅብረት የሚሠራው ወጥ ደግሞ ከሆቴሉ ይበልጣል። የአፈር ጥበቃም ቢሆን ከሐይቅ ዳር ይልቅ በተቦረቦረው ማሳ ላይ ቢማሩት ይገባል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ተዘግቶብን፣ ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦብን እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። መከራውን እንደ በረከት አልቆጥረውም፤ ወገኖቻችንን ቀብረንበታል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከሩቅ ማንም ሳይመጣ የዘር እህሉ ክፍፍል በየአጥቢያው ኮሚቴዎች እጅ ተፈጸመ። ዝርዝሩም በወረቀት ተጽፎ በገበያተኛ እጅ ደረሰን፤ አንድም ኩንታል አልጎደለም። በሰላም ጊዜም ቢሆን እነዚያ ኮሚቴዎች እንደዚያው ሊታመኑ ይገባል። ስለ ደኅንነትም አንድ ነገር ላስገባ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ አደጋ ባለበት መንገድ በአውቶቡስ ሂዱ ብሎ የሚያዝ ኃላፊ ካለ እንዳትሰሙት። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ጉዞው ይቅር።

ምጥ የያዛት እናት፣ ከዛፍ የወደቀ ልጅ፣ በእባብ የተነደፈ እረኛ ሲገኝ ደግሞ ማንም ኪሎ ሜትር አይቁጠር። ያን ጊዜ መኪናዋ የተሠራችበትን ሥራ እየሠራች ነው።

ጉዞው የግድ ከሆነ ግን ይጠቃለል። ካርታውን በዐይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተዋል። ወደ ደጋ ዳሞት የሚታጠፈው ከደምበጫ ነው፤ ወደ ቋሪት ከዚሁ ከፍኖተ ሰላም፤ ወደ ወምበርማ ከቡሬ። የጤና ክፍሉ ሰኞ ቡሬ ደርሶ ይመለሳል፤ የእርሻ ክፍሉ ረቡዕ ይሄዳል፤ የውኃው ዓርብ። ሦስቱም አንድ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው የሚቀመጡ ናቸው። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅርብ ነው እንላለን፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ግን 150 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዓመት ከ7,000 ይበልጣል። ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ በሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ከመናኸሪያው በባጃጅ ወይም በፈረስ ጋሪ መጨረስ ይቻላል። ኃላፊ በጋሪ ሲሄድ ክብሩ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም የገባው በምን ነበር?

በሐዋርያት ሥራ ስምንተኛ ምዕራፍ የምናገኘው የአገራችን ሰው ጃንደረባው የንግሥት ባለ ሙሉ ሥልጣንና የግምጃ ቤት አዛዥ ነበር፤ ዛሬ ቢሆን ባለ ታርጋ መኪና ይሰጠዋል። በእግሩ ሮጦ የመጣውን ፊልጶስን ግን ከጎኑ እንዲቀመጥ ለመነው። የወንጌሉ ንግግር የተጀመረው ባዶ መቀመጫ ስለ ነበረ ነው። በእኛ መኪና ላይ ግን «ከሠራተኛ በቀር መሳፈር ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የመድን ሕጉን አውቃለሁ፤ መንገደኛ ሁሉ ይጫን አልልም። ቢያንስ የአጥቢያ አገልጋዮች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኮሚቴ አባላት አስቀድመው ተመዝግበው መሳፈር እንዲችሉ ደንቡ ቢሻሻል ማንም አይጎዳም።

ለሹፌሮቻችን ጥቂት ቃል አለኝ፤ ይህን ከእኔ በላይ የምታውቁ ስለሆነ አላስረዝምም። የጎማ ነፋስ ሲጎድል ሞተሩ ይደክማል፣ ነዳጁም ይበዛል፤ በየሳምንቱ ይለካ። የአየር ፊልትሮ በበጋ አቧራ ቶሎ ይዘጋልና ይራገፍ። ባዶ ፖርቶ መጋላ ነፋስ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውምና ጭነት በሌለ ጊዜ ይውረድ። ከሁሉ በላይ ፍጥነት ነው፤ ከ100 ወደ 80 ዝቅ ያለ ሰው ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም ድረስ ጥቂት ሰዓት አያጣም፤ ለፍየሉም ለሕፃኑም የፍሬን ጊዜ ያገኛል። የዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ መኪናዋ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ትሸከማለችና ያላስፈላጊ ዕቃ ሁሉ በዚያ ዳገት ላይ ይከፈልበታል። በዚህ ነገር ላይ ከተነሣሁ አይቀር፣ ከጥሊሊ በኩል ስንመለስ ከላይ የምንደረድረው የከሰል ማዳበሪያስ? ከሰሉ ገበሬው ራሱ ከተከለው ዲከረንስ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ መሸጡም ኑሮው ነው። መኪናዋ ግን የተገዛችው ለአክስታችን ከሰል ልታመላልስ አልነበረም።

እንግዶችና አለቆች በስብሰባ ላይ ሳሉ አየር ማቀዝቀዣው እንዳይጠፋ ተብሎ ሞተሩ ሰዓት ሙሉ የሚያጓራበትንም ጊዜ አይተናል። ቆሞ የሚሠራ የላንድ ክሩዘር ሞተር በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይጨርሳል፤ የሕፃናት ክፍሉ መስኮት ደግሞ ከጭስ ማውጫው ፊት ለፊት ነው። ቁልፉን አዙሩና አጥፉት። አለቃው ከተቆጣ ደብዳቤው በእኔ ስም ይጻፍ።

ስለ አውሮፕላን የሚጠይቁ አሉ። አንድ ሰው ብቻውን በላንድ ክሩዘር ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደርሶ ከሚመለስ በአውሮፕላን አንድ መቀመጫ ቢይዝ በእርሱ ድርሻ የሚነደው ነዳጅ ያነሰ ነው፤ ይህ ብዙ ሰው ያስገርማል። መኪናዋ ሞልታ ስትሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከሁለቱም የሚሻለው ደግሞ አውቶቡስ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጡት ወዳጆቻችን ነገር ከዚህ ይለያል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ አንድ መንገደኛ ከአንድ ቶን፣ ማለት ከአሥር ኩንታል በላይ ጋዝ በስሙ ይወጣል። ይህም ከአምስት ኢትዮጵያውያን የዓመት ድርሻ ይበልጣል። አትምጡ አንልም፤ ፊት ለፊት መተያየት ኅብረትን ያጸናል፤ ከዚህ የሄዱ ልጆቻችንም እናቶቻቸውን ሊያዩ ይመጣሉ። ነገር ግን አሥር ቀን ከመቆየት ወር ቆይቶ፣ በየዓመቱ ከመምጣት በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ፣ ስምንት ሰው ከመላክ ሁለት ልኮ ሌሎቹ የሰሙትን ቢሰሙ ምን ይጎድላል? በዚህ ጋዜጣ በኩል ይህን ቃል የምታነቡ ደጋፊዎቻችን እንደምትረዱን አምናለሁ።

የኤሌክትሪክ መኪናስ? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በዚህ ነገር ኢትዮጵያ ብዙ አገሮችን ቀድማለች። ለዚህ ምክንያት አላት፤ ከኤሌክትሪካችን ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ከውኃ ኃይል ይመነጫል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድቡ ዘንድ ከሚደርሰው ውኃ አንዱ ከዚህ ከዞናችን፣ ከሰከላ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ የሚወርደው ነው። ናፍጣው ግን ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ቡሬ እስኪደርስ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ቦቴውም በመንገዱ ናፍጣ ይጠጣል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ለሚመላለሰው የቢሮ መኪና የኤሌክትሪክ ቢሆን እደግፋለሁ። ለሽንዲና ለደጋ ዳሞት መንገድ ግን ገና ነው፤ የኃይል መሙያ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው በአዲስ አበባ ናቸው፤ መብራትም በከተማችን ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ እናንተ ታውቃላችሁ። የሚሠራ መኪና ሸጦ ዘመናዊ ለመምሰል ብቻ ሌላ መግዛት ደግሞ ሌላ ብክነት ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «እኛ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ ያ ይካካሳል» ይላሉ። አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ተክለዋል፤ ደስ ይላል። ሆኖም በሐምሌ የተተከለው ችግኝ በጥር ፍየል ከበላው ምን ይካካሳል? ከጸደቀም በኋላ አንድ ዛፍ የአንዲት መኪናን የአንድ ጉዞ ጋዝ ለመምጠጥ ብዙ ዓመታት ይፈልጋል። ዛፉ ይተከል፣ ይታጠርም፤ ለአፈሩ፣ ለጥላው፣ ለንቡ ሲባል። የኃጢአት ሥርየት ደብዳቤ አድርገን ግን አንቁጠረው፤ እኛ ወንጌላውያን በዚህ ነገር ላይ ድሮ የተናገርነው አለ።

ሐዋርያው በሁለተኛ ቆሮንቶስ ስምንተኛ ምዕራፍ ለድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፍበት እየተጠነቀቀ እንደ ያዘው ታነባላችሁ። በዚህ መንፈስ ከሚመጣው ወር ጀምሮ በየመኪናው አዲስ የጉዞ መዝገብ ይቀመጣል። የድሮው መዝገብ ኪሎ ሜትርና ሊትር ብቻ ነበር የሚጠይቀው። አዲሱ ማን እንደ ሄደ፣ ስንት መቀመጫ ባዶ እንደ ነበረ፣ ጉዳዩ በስልክ ወይም በአካባቢው ሰው ሊፈጸም ይችል እንደ ነበረ ይጠይቃል። መዝገቡን የሚመረምሩት ከየአጥቢያው የሚመረጡ ሁለት ምእመናን ናቸው፤ አንዷ ሴት ትሁን ተብሏል። በሦስት ወር አንድ ጊዜ የጠቅላላው ድምር በኩንታል ተሰልቶ በዚህ አዳራሽ በር ላይ ይለጠፋል።

ሹፌሮች ከምሳ በኋላ ከግቢ እንዳትወጡ፤ የጎማ ነፋስ መለኪያ ይታደላችኋል። ወደ ቡሬ በምትመለሰው መኪና አራት ባዶ መቀመጫ አለ። ከሽንዲ የመጣችሁ እናቶች ስማችሁን አሁኑኑ ለሹፌሩ አስመዝግቡ፤ በ8 ሰዓት ይነሣል።